የወፍጮ ጆሮ

ባለፈው ክረምት፣ ወረኢሉ ጉም ለብሳ ጎረቤት ከጎረቤት በማይተያይበት አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የደወለልኝ ባሕር ዳር እጄ ላይ ሙያ የለመደ፣ ዛሬ የራሱን ጀልባ የሚነዳ ልጅ ነው። «አያ፣ ሞተሩ ኃይል አጣብኝ። ካርቡራቶሪውን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አጠብኩት፤ ካንዴላ ቀየርኩ፤ ቤንዚኑን በጨርቅ አጠለልኩት፤ ወይ ፍንክች!» አለኝ። ስልኩን ሞተሩ አጠገብ ይዞ እንዲያስነሣው ነገርኩት። ገመዱን ሳበ፤ ደግሞ ሳበ፤ በሁለተኛው «ኧረ እጄን!» ብሎ ጮኸ። በሦስተኛው ተነሣለት። ጥቂት አዳመጥኩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

የጠየቅሁትን ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሐይቅ በሌለበት፣ ከ2600 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው የጀልባ ሞተር ድምፅ ከየት እንደለመደ መናገር ይገባኛል። ሰው ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው፤ የእኛ የጣና መካኒኮች ሙያ ከባሕር አልመጣም። ከወፍጮ ቤትና ከከባድ መኪና ወርዶ ነው ውኃ ላይ የደረሰው። በጎነቱንም ጥፋቱንም ከዚያው ይዞ ወረደ።

ወረኢሉ የጦር ከተማ ነበረች። «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው፤ ወረሂመኖ፣ ወረባቦ እንደሚባለው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ጦራቸውን አስፍረውባት ነበር፤ በመስከረም 1888 የዓድዋውን ክተት ሲያውጁም የሸዋ ሠራዊት እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲገናኛቸው አዘዙ። የከተማችን ልጆች በዚህ ስንኮራ አድገናል። እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ሰው የተሸከመው ስንቅ በምን ተፈጨ? በሴት እጅ ነው፤ በድንጋይ ወፍጮ ላይ መጅ እየገፋች። የአያቴ መዳፍ እንደ ጫማ ሶል ደድሮ ነበር። ስለ ዓድዋ ሲወራ ይህን መዳፍ የሚያነሣ አላጋጠመኝም።

እኔ ነፍስ ሳውቅ፣ በ1950ዎቹ፣ ሰፈራችን አጠገብ የአንድ ሐጂ ወፍጮ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ባቡር» ነው የሚሉት፤ «እህል ባቡር ቤት ውሰድ» ይባላል። ቃሉ እንፋሎት ከሚለው የፈረንጅ ቃል የመጣ ነው፤ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በምኒልክ ዘመን ያስመጣው ባለእንፋሎት ሞተር «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የሚጮህና የሚያጨስ ብረት ሁሉ ባቡር ሆነ። የሐጂ ባቡር ሊስተር ነበር። እንግሊዝ አገር ዳርስሊ ከምትባል ከተማ የመጣ፣ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ ግራና ቀኝ ሁለት ከባድ መንኮራኩር የተሸከመ ናፍጣ ሞተር። በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል፤ በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሚመታ በሰከንድ አምስት ምት ያህል ነው። አምስት ምት ደግሞ ሕፃን ልጅም ይቆጥረዋል። ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ ሲል ከማዶ ቀበሌ ይሰማል፤ እናቶች ያን ሰምተው እህላቸውን አሸክመው ይወጣሉ።

ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ ተጨምቆ ሲግል፣ የተረጨበት ናፍጣ በራሱ ይያያዛል። ጥያቄው ግን ከቤንዚን ሞተር ጋር አንድ ነው፤ እሳቱ መቼ ይድረስ? ሐጂ መጽሐፍ አያነቡም፤ ዲግሪ የሚባል ነገርም ሰምተው አያውቁም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ በር ላይ ቆመው ያዳምጡና «ዛሬ ቸኩሏል» ወይም «ዛሬ ሰንፏል» ይላሉ። ሲቸኩል ምቱ ይደርቃል፤ መዶሻ ሰንዳን ላይ ሲያርፍ እንደሚሰማው። ሲሰንፍ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ድንጋዩ ላይ እህል ሲፈስ ይንገዳገዳል። ያኔ ፓምፑን በጣም በጥቂቱ ያስቀድማሉ ወይም ያዘገያሉ። እኔ ባትሪ እያበራሁላቸው ቆሜ ተማርኩ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ስሠራ ከነዚህ ከሁለቱ የተሻለ ቃል አላገኘሁም፤ ቸኩሏል፣ ሰንፏል።

ከዚያ ደሴ ነው። በጉጉፍቱ ብርድ አልፌ፣ ጭነት መኪና ላይ በእህል ጆንያ መካከል ተቀምጬ ገባሁ፤ ዕድሜዬ 16 ወይም 17 ቢሆን ነው። ደሴን ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ያዛት፤ በ1933 ለቀቀ። ከአዲስ አበባ አስመራ የሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናትና ከባድ መኪናው፣ መካኒኩና ጋራዡ ቀሩ። ቃሉም ቀረ። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ካርቡራቶሪ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፤ አማርኛ መስሎኝ ነበር የምለምዳቸው። አለቃዬ አስመራ የተማረ ሰው ነበር፤ ጋሼ ነበር የምንለው። ጣሊያንኛ አይናገርም፤ ሞተር ሲሰድብ ግን ጥርት ባለ ጣሊያንኛ ነው።

እሳት ማስያዝ ያስተማረኝ በቮልስ ዋገን ነው። እስቲ ትንሽ ልዘግይበት፤ ኋላ ጣና ላይ የሆነው ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ፒስቶኑ ወደ ላይ እየወጣ አየርና ቤንዚኑን ይጨምቃል። ካንዴላዋ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ሳይሆን ጥቂት ቀደም ብላ መተኮስ አለባት፤ እሳቱ ክፍሉን ለመሙላት ጊዜ ይፈጅበታልና። ዥዋዥዌ ላይ ልጅ የገፋ ሰው ይህን ያውቀዋል። ወንበሩ ገና ወደ አንተ እየመጣ ሳለ ብትገፋው እጅህን ይሰብርሃል፤ ካለፈ በኋላ ብትገፋው አየር ነው የምትገፋው። ቮልስ እንደ ሞተሩ ዓይነት 7.5 ወይም 10 ዲግሪ ቀድሞ እንዲተኩስ ይፈልጋል። ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ ባለው መዘውር ላይ ትንሽ ጭረት አለች፤ እሷን የሞተሩ አካል ለሁለት ከሚከፈልበት ስፌት ጋር ታገናኛለህ። ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢውተሩ በምትሄደው ሽቦ ላይ አምፖል ታስራለህ፤ ሌላውን ጫፍ ከብረቱ። ከዚያ ዲስትሪቢውተሩን በቀስታ ታዞራለህ። ውስጥ ያሉት ሁለቱ የሚገናኙ ጥርሶች ልክ ሲላቀቁ አምፖሉ ቦግ ይላል። እዚያ ላይ ቡሎኑን ጥብቅ። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ጋሼ መለኪያ ቢኖረውም የሲጋራ ወረቀት ይመርጥ ነበር። ወረቀቷን በጥርሶቹ መካከል ይዞ ቀስ እያለ ይስባል፤ የለቀቁባት ቅጽበት እሳቷ የምትዘልበት ቅጽበት ናት።

ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ መጽሐፉ የማያውቀውን አንድ ነገር ያደርጋል። «ይህ ቁጥር የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው፤ እኛ ደጋ ነን» ይልና ዲስትሪቢውተሩን በፀጉር ስፋት ያስቀድማል። ልክ ነበር። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩ ሙሉ አይጎርስም፤ ያልጠገበ እሳት ደግሞ ዘገምተኛ ነው። ያልታገዘ ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይጥላል፤ ወረኢሉ ሲደርስ ሩቡ ሄዷል ማለት ነው። ትንሽ ማስቀደሙ ከጠፋው ጥቂቱን ይመልሳል። ከዚያ መኪናው ወደ ጉጉፍቱ አቀበት ይወሰዳል። ሞተሩ በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናወጥ ጠጠር ከተንጫጫ በዝቷል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጸጥ ብሎ ከወጣ ሒሳብ ይከፈላል።

በ1970ዎቹ ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር ስገባ ጣናን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከመኪና መስኮት ነው። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 66። ዳር ዳሩን ወይጦዎች ከደንገል የሠሩት ታንኳ ይንሳፈፋል። ያን ታንኳ የሚስተካከል ንድፍ ዛሬም አላየሁም። ደንገሉ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ደግሞ ይቀላል፤ ሲያረጅ ተጥሎ ሌላ ይታሰራል፤ መለዋወጫ አይፈልግም።

እዚህ ሐይቅ ላይ ከሰው ክንድ ሌላ ኃይል የተመኘ የመጀመሪያው ሰው ማን ይሆን ብዬ ሳስብ አፄ ቴዎድሮስ ይመጡብኛል። እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ፣ ንጉሡ በ1858 ዘጌ ሰፍረው ሳለ በደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው፣ በእንፋሎት መርከብ አምሳል በእጅ የሚዞር መንኮራኩር እንዳስገጠሙላቸው ጽፏል። ሞተር የሌለው የሞተር ጀልባ! ብላንክም ከዚያ በኋላ ታስሮ የተወሰደው ወደ መቅደላ ነው፤ ወደ እኛው ደጋ። ያው ንጉሥ ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ያን ሁሉ ገደል አስጎትተው መቅደላ አወጡት። ቴዎድሮስ የጎደላቸው አሳብ ሳይሆን ውስጡ የሚነደው ነገር ነበር እላለሁ። እሱ የመጣው ከሰባ ዓመት በኋላ ከጣሊያን ጋር ነው፤ ጎርጎራ ላይ ወደብ ሠርተው በሞተር ጀልባ ሐይቁን ማቋረጥ ጀመሩ። እኔ በደረስኩበት ዘመን የጣና ትራንስፖርት ጀልባ ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ዘጌንና ደቅ ደሴትን ነክታ፣ ቁንዝላ አድራ በማግሥቱ ጎርጎራ ትገባ ነበር።

የትልልቆቹ ጀልባዎች ሞተር ናፍጣ ነው። እዚያ ቤቴ ነበርኩ። ዱክ ዱክ ሲል ዓይኔን ጨፍኜ የሐጂን ወፍጮ በር አያለሁ፤ «ሰንፏል» ስል ሰንፎ ይገኛል። በጥቂት ወራት ስሜ ወጣ። ሰው ስሙ ሲወጣ ደግሞ መስማት ያቆማል።

አንድ የአሳ ነጋዴ ከጀልባው ጀርባ የሚንጠለጠል ቤንዚን ሞተር ይዞ መጣ። ደክሞበታል። ይህ ዓይነቱ ሞተር በየዙሩ ይመታል፤ በደቂቃ 5000 ዙር ሲሄድ አንዱ ሲሊንደር ብቻ በሰከንድ 83 ጊዜ ማለት ነው። የሊስተርን አምስት ምት የቆጠረ ጆሮ እዚህ ምን ይቆጥራል? አንዲት ዲግሪ የሰከንድ ሠላሳ ሺህኛ እጅ ናት። ሌላም ያላወቅሁት ነበር። የቮልስ እሳት መነሻው ላይ ትታሰራለች፤ የዚህ ግን ጋዝ ስትሰጥ በቀጭን ዘንግ ተጎትታ አብራ ትዞራለች። ጋዙ ሲከፈት ትቀድማለች፣ ሲዘጋ ትመለሳለች፤ የመጨረሻውን ቅድሚያ የምትወስነው አንዲት ማቆሚያ ብሎን ናት። እኔ የጋሼን ወግ አስታውሼ «ደጋ ነን» አልኩና ብሎኗን አስቀደምኩ። ሞተሩ ነቃ። ነጋዴው መረቀኝ።

ከዳር ራቅ ሲል ጠጠሩ ተንጫጫ። ሰማሁት። ወላሂ ሰማሁት። ግን ጆሮዬ የወፍጮ ነው፤ ናፍጣ ሁልጊዜ ይመታል፣ ምቱ የጤናው ምልክት ነው። ቤንዚን ሲመታ እየተጎዳ መሆኑን እጄ ያውቀዋል፤ ጉጉፍቱ ላይ ስንት ጊዜ መልሼዋለሁ። ያን ቀን ግን የልጅነቴ ጆሮ አሸነፈ። በሳምንቱ ጀልባዋ በታንኳ ተጎትታ ተመለሰች። ቴስታታውን ሳነሣ የላይኛው ፒስቶን አናቱ ላይ የስኒ ቂጥ የምታህል ቀዳዳ ተበስቶ አገኘሁት። ከሦስት ወር ደሞዜ ከፈልኩ።

ያ ፒስቶን ያስተማረኝን ማንም መምህር አላስተማረኝም። መኪና አቀበት ይወጣና ቁልቁለት ላይ ያርፋል፤ ጉጉፍቱን ሲጨርስ ሞተሩ ትንፋሹን ይሰበስባል። ጀልባ ቁልቁለት የለውም። ከባሕር ዳር እስከ ደቅ አንድ ወጥ አቀበት ነው፤ ፕሮፔለሩ ከተነሣ እስኪቆም ይገፋል። መኪና ላይ በአቀበቱ ጫፍ የምትሰማው የአንድ ደቂቃ ጫጫታ፣ ጀልባ ላይ የሦስት ሰዓት እሳት ነው። ደግሞም ጣና 1786 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ስስ፣ ቅይጡ ቤንዚን የበዛበት ስለሆነ ጤነኛ ሞተር ጨርሶ መንጫጫት የለበትም። ከተንጫጫ አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። የጋሼ ወግ ውሸት አልነበረም፤ ለጉጉፍቱ የተሠራ ወግ ነበር።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ለወጥኩ። ልጆቹንም ያስተማርኩት ይህን ነው፤ ታይሚንግን፣ እሳቱ የሚተኮስበትን ጊዜ፣ መጀመሪያ አትንካ፣ መጨረሻ ላይ ንካ። ቤንዚን ደርሷል? እሳቷ ሰማያዊ ናት ወይስ ቢጫ? ሲሊንደሩ አውራ ጣትህን ይገፋል? ውኃው ይወጣል? በተለይ ውኃው። በ2004 እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ሞተር በሐሰት ተከሰሰ መሰላችሁ! ቅጠሉ የማቀዝቀዣውን ውኃ መግቢያ ይደፍናል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ጉልበት ያጣል፣ ይንጫጫል። እሳቱን ያስቀደምክበት ሞተር የሚያሳየውን ምልክት አንድ በአንድ ያሳያል። ልምድ የሌለው ልጅ ብሎኗን ያዞራል፤ ባሰበት ብሎ እንደገና ያዞራል። መድኃኒቱ ሸንበቆ ነበር፤ ቀዳዳውን መጎርጎሪያ። ሰንፎ የሚተኩስ ሞተር ደግሞ በጭስ ማውጫው ይታወቃል፤ ዘግይቶ የተነሣው እሳት መንደዱን እዚያ ይጨርሳልና ብረቱን ያነድደዋል፤ አንዳንዴም ጋዝ ስትለቅ ይተኩሳል። ቸኩሎ የሚተኩስ ግን ገመዱን ስትስብ ነው ራሱን የሚያጋልጠው።

አባይን ሳላነሣ ባልፍ የወሎ ቦረናዎች ይቀየሙኛል። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ባለው ገደል የሚያልፈው ከጣና ወጥቶ የሚመጣው ወንዝ ነው፤ ግን ጀልባ አያውቅም። ሰው አየር የተነፋ ስልቻ ታቅፎ ነበር ወደ ጎጃም የሚሻገረው፤ ዛሬ ወደ ጉንደወይን የሚወስድ ድልድይ አለው። በ1960 ክረምት መውጫ ላይ እንግሊዛዊው መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው ጓድ ወንዙን በጀልባ ወርዷል። ሞተር የገጠሙት ከሸፈርታክ ድልድይ በታች ላለው ክፍል ነው፤ ከጣና እስከዚያ፣ በእኛ በኩል በሚያልፈው ክፍል፣ በላስቲክ ጀልባና በቀዘፋ ነበር የወረዱት። ድንጋይ ላይ ሞተር ይዞ የሚወርድ ሰው ምን እንደሚገጥመው ስለማውቅ አልፈርድባቸውም።

ዛሬ የሚመጡት ሞተሮች የሚላቀቅ ጥርስ የላቸውም። የሲጋራ ወረቀት የምታስገባበት ቦታ የለም፤ ቮላኖው፣ ማለትም ከባዱ መንኮራኩር፣ ውስጥ የተቀበረ ማግኔት በትንሽ ጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲያልፍ ምልክቱን ይሰጣል፤ የቀረውን የታሸገች ጥቁር ሣጥን ትሠራዋለች። ልጆቹ «ይህ ታይሚንግ አይበላሽም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ሣጥኗ አትሳሳትም። ማግኔቱ ቦታው ላይ እስካለ ድረስ።

ያን ጠዋት በስልክ የጠየቅሁት ይህን ነው፤ «ሰሞኑን ድንጋይ መትተሃል?»

ዝም አለ። ከዚያ፣ «አንቱ፣ ማን ነገረዎ? ሐሙስ ክብራን ገብርኤል አጠገብ ነካ አድርጎኝ ነበር። ፕሮፔለሩን አየሁት፤ ምንም አልሆነም» አለኝ።

«እጅህን ማን ነጠቀህ?»

«ገመዱ ነዋ!»

ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ዘንጉ ድንገት ይቆማል። ከላይ ያለው ከባዱ ቮላኖ ግን ሩጫው አለበት፤ ጥቂት ያህል ወደ ፊት ይሾልካል። እሱን ከዘንጉ ጋር ያሰረችው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት አንዲት ሽብልቅ ብቻ ናት። ትታጠፋለች ወይ ትቆረጣለች፤ ማግኔቱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀድሞ ይደርሳል። ዥዋዥዌው ገና ሲመጣ ይገፋዋል። ካርቡራቶሪ መቶ ጊዜ ቢታጠብ ያን አይመልሰውም።

«ቮላኖውን አውልቅ» አልኩት። «በመዶሻ እንዳትመታው፣ ማግኔቱ ይሰነጠቃል። በመሳቢያ አውጣው።»

እኩለ ቀን ላይ ፎቶ ላከልኝ። የልጅ ልጄ ስልኩን አጉልታ አሳየችኝ። መዳፉ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብረት፣ ወገቧ ላይ ታጥፋ ተጣማለች። «አብሽር፣ የገበያ ሽብልቅ እንዳታስገባባት፤ የራሷን ፈልግ» ብዬ መለስኩለት። የራሷን አዲስ አበባ ድረስ አስፈልጎ በአራተኛው ቀን አገኘ።